ስድስት ኩባያ ባቄላ

በመስኮቱ ደፍ ላይ ስድስት ኩባያዎች ተደርድረዋል። ሦስቱ ውስጥ ከመንገድ ዳር የተዛቀ ተራ አፈር አለ፤ እዚያ የበቀለው ባቄላ ቅጠሉን እንደ መዳፍ ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ ዘንበል ብሏል። የቀሩት ሦስቱ ውስጥ ያለው ራሱ ያዘጋጀው ኮምፖስት ነው፤ ጥቁር፣ ልስልስ፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ ጫካ የሚሸት። እዚያ የበቀለው ባቄላ ግን ቅጠሉን ጨብጦ፣ አንገቱን ጠምዝዞ ቀርቷል።

ጡረታ የወጣው ፋርማሲስት መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። የተለወጠ ነገር የለም። ዛሬ አሥራ አራተኛው ቀን ነው። በየኩባያው ላይ የተዘራበትን ቀን ለጥፏል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ሲጽፍ በኖረበት በዚያው ደቃቅ ጽሕፈት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለአንድም ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቶ አያውቅም።

ጥርጣሬው የመጣው ከፈረስ ጋጣው ነበር። በየዓመቱ ከከተማው ዳር ፋንድያ እያመጣ ከጎረቤቶቹ የወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ያብላላዋል። ባለፈው ወር የጋጣው ጠባቂ እንደ መልካም ወሬ፣ «ዘንድሮ ድርቆሹ አንድ አረም የለበትም፤ ማሳው ላይ መድኃኒት ተረጭቶ ሰፊ ቅጠል ያለው ነገር ሁሉ ድራሹ ጠፋ» አለው። ፋርማሲስቱ የዚያን ዕለት ቤቱ ገብቶ አነበበ። መድኃኒቱ ሣሩን አይነካም፤ ፈረሱንም አይነካም። በፈረሱ ሆድ አልፎ ከፋንድያው ጋር ይወጣል፤ ኮምፖስት ውስጥ ገብቶም አይሞትም። ቲማቲም እስኪተከልበት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ከሕንፃው ጀርባ ያለችው የጋራ መሬት በአሥራ ሁለት መደብ ተከፍላለች። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶቹ የሳምንቱን ልጣጭ በባልዲ ይዘው ይወርዳሉ፤ በእሱ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይደፉና የበሰለ ኮምፖስት ይዘው ይመለሳሉ። አጥንትና ዘይት የነካው ክልክል መሆኑ በሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። «ዶክተር» ያሉትም ለዚህ ጥንቃቄው ነው።

ፋርማሲስቱ ሲወርድ ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ሹፌሩ፣ ቲማቲሙ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሌላዋን ጎረቤት፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ይነዘንዛታል።

«ማታ ማታ ቲማቲሜን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ታስገቢዋለሽ እንዴ? ተጠቅልሎ እኮ ነው የሚያድረው።»

«ላንተ ቲማቲም ነው ካስኬን የማሞቀው? የኔም ያው ነው። ውሃ አብዝተህበት ይሆናል።»

«ስቀንስለት ባሰበት።»

«እንግዲያው ተባይ ነው። ሳሙና ርጭበት።» ባልዲውን ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺን ይዘህ ነው የወረድከው? የሳምንት ልጣጭ እፍኝ አይሞላም?»

«ምን ላድርግ? ሚስቴ ካሮቱን ከነልጣጩ ሾርባ ውስጥ ትከተዋለች። የሽንኩርቱንም ልጣጭ ቀቅላ ውሃውን ታጠጣናለች። እኛ ቤት የቆሻሻ ቅርጫቱም ጾሙን ነው የሚያድረው።»

ሁለቱም ሳቁ። ፋርማሲስቱ እጁን በሳጥኑ ክዳን ላይ አድርጎ ቆመ። ከደረጃው ሲወርድ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ አጭር፣ ግልጽ። አሁን ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርቶታል።

«ኮምፖስቱ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ጥፋቱ የኮምፖስቱ ነው። የኔ ነው።»

ሹፌሩ ብድግ ብሎ ጉልበቱን አራገፈ። «ኧረ ዶክተር፣ ትሕትናም ልክ አለው! አንድ ባልዲ ጨምሩበት ብለውን አልነበረም? ስንፍናው የኔ ነው፤ እኔ ግማሽ ነው የጨመርኩት።» ባልዲውንም ዘረጋ።

«ዛሬ አልሰጥም።»

 ፀጉር ሠሪዋ ወደ ሳጥኑ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጥንት የጨመረ ሰው አለ ማለት ነው። ታዲያ ዶክተርዬ፣ አንዱ ባጠፋ ሁላችንንም ይቀጡናል?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያመነው ድምፅ አሁንም ያው ነው፤ ያመኑት ግን ቃሉን ሳይሆን እሱን ነበርና ቃሉ መግቢያ አጣ። በዚያው ቅጽበት ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ተጠራ።

«አንተ! ና ውጣ፣ የማሳይህ አለኝ! ያቺን ወረንጦህንም ያዛት!»

የጎረቤታቸው የመምህሩ ሚስት ነበረች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። መምህሩ አርባ ዓመት አንድ ዓይነት ቲማቲም ብቻ ተከለ፤ በየዓመቱ ምርጧን ፍሬ መርጦ ዘሯን በወረቀት ላይ ያደርቅና በፖስታ ያስቀምጠዋል። የመጨረሻው ፖስታ በእሱ እጅ ጽሕፈት ቀኑ ተጽፎበት ቀርቶ ነበር። በመትከያው ጊዜ ፖስታውን ይዛ መጥታ፣ «ግማሹን ላስቀር?» ስትለው ፋርማሲስቱ፣ «ዘር ሲቆይ ይደክማል፤ ሁሉንም ይዝሩት እትዬ፣ እኔ አለሁ» አላት። ሠላሳ ስድስት ችግኝ ወጣ። ቅጠሉ መጨበጥ ሲጀምር ሁለተኛውን ባልዲ ኮምፖስት ተሸክሞ የወሰደላት ራሱ ነው። አሁን የቆመው አንድ ግንድ ብቻ ነው።

በሩን ከፍታ ጠበቀችው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳህን፣ ቢላዋና የዛሬው ቀን የተጻፈበት ነጭ ወረቀት ተዘጋጅቷል። ሳህኑ ላይ አንዲት ቲማቲም አለች፤ ጎኗ የተጣመመ፣ ቀይ።

«ደረሰችልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«አንተ ቁጭ በል። ፊትህ አመድ መስሏል።»

ነገራት። ድርቆሹን፣ ፈረሱን፣ ሳጥኑን፣ ስድስቱን ኩባያዎች፤ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያስረዳ ሰው አንድም ሳይዘል። እሷ ወረቀቱን በመዳፏ ትዳብሰው ነበር።

«ሁለተኛውም ባልዲ?»

«ሁለተኛውም።»

«መሬቱስ?»

«ሁለት ዓመት ይቆይበታል፤ ምናልባት ሦስት። አላውቅም። የማደርገው ነገር የለኝም።»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። እሷ ተነሥታ አጠበቀችው፤ ተመልሳም ቢላዋውን አነሣች።

«እሱ ሲጀምር ስንት ነበረው መሰለህ? አንድ ፍሬ። የሆነ ሰው ሰጥቶት በሸሚዝ ኪሱ ይዟት መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ። ፈነዳችበት። ሦስት ቀን ኮረፍኩት።» ፈገግ አለች። «አንድ ይበቃል። አንተም አታካብድ።»

ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ከተነሣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ወረንጦውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠላት።

ቲማቲሟን ለሁለት ከፈለቻት።

ውስጧ ቀይ ነበር። ሥጋው ሙሉ ነው፤ ዘሩ የሚያድርባቸው ጓዳዎችም በየቦታቸው አሉ፤ ጠርዛቸው ለስላሳ፣ ንጹሕ። ከጥቂት ውሃ በቀር ምንም አልነበረባቸውም። አራት አደረገቻት። ስምንት አደረገቻት። ውሃው ከሳህኑ ጠርዝ ደረሰ።

ፋርማሲስቱ በዚያ ሰሞን ካነበበው ውስጥ አንድ መስመር ትዝ አለው፤ ቅጠሉን የሚያጨብጠው መድኃኒት አልፎ አልፎ ፍሬውን ያለ ዘር ያሳብጠዋል የሚል። ያኔ አላስፈላጊ መስሎት አልፎት ነበር።

«ቸኩዬ ቆርጫት ይሆን?» አለች።

ፋርማሲስቱ መነጽሩን አወለቀ።

«ዓይኔ ነው። ከዚህ ብርሃን ጋር አልስማማም።» ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው፤ ወረንጦውንም በእጁ አስያዘችው። «እስኪ አንተ እይልኝ። ጥንቃቄህን አውቃለሁ። አንዲትም ብትሆን።»

ከታች የሹፌሩ ሳቅ ተሰማ፤ ባልዲ ከባልዲ ተጋጨ። ፋርማሲስቱ መነጽሩን ጠርጎ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎም ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀመረ። ሥጋውን በወረንጦው ጫፍ ገለጥ እያደረገ አየ። ገልብጦ አየ። ሁለተኛውን ሳበ። ከመስኮቱ ነፋስ ሲገባ እሷ ነጩ ወረቀት እንዳይበርርባት በሁለት እጇ ይዛ አጠገቡ ቆማ ትጠብቅ ነበር።