ቀጭኑ ፊኛ

ጀማሪው ፀጉር አስተካካይ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። የተጠረገውን ወለል ደግሞ ይጠርጋል፤ የታጠፈውን ፎጣ ዘርግቶ መልሶ ያጥፋል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ትናንት ቁርጡን ነግሮታል፦ «ነገ የሰው ጢም ትላጫለህ። ደም ካየሁ ግን ሌላ ሥራ ፈልግ።»

«ፊኛ! ኧረ ተቀመጥ፣ አዞርከን እኮ!» አለ አጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው።

ፊኛ የሚሉት ጀማሪውን ነው። ሰውነቱ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ሥራ ከገባ ጀምሮ ስሙ ይከነክነዋል፤ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አፉ አልፈታ ብሎት ቆይቷል።

በሩ ተከፈተና የሚስቱ አባት ገቡ። የባሏ የመጀመሪያ ደንበኛ እንዲሆኑ ልጃቸው ለምናቸው ነው የመጡት። ወንበሩ ላይ ተደላድለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አባባ፣ አይፈሩም?» አለ ባልደረባው።

«ልጄን ለሰጠሁት ሰው ጉሮሮዬን ልሰስት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጀማሪው ብቻ አልሳቀም። አረፋውን ቀባ፤ ምላጩን አነሳ፤ ቆዳቸውን ወጠር አደረገ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ምላጩን መለሰ፤ ደግሞ አነሳ፤ ባሰበት።

«ፊኛ፣ ልትፈነዳ ነው!» አለ ባልደረባው።

ያን ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። «ለመሆኑ ይህን ስም ማን አወጣልኝ? እኔ ምኔ ነው ፊኛ?»

ባለቤቱ የያዘውን ደንበኛ ትቶ ቀረብ አለ። «ያንተ ብቻ መሰለህ? እዚህ ቤት የገባ ጀማሪ ሁሉ ፊኛ ነው። ስሙን ያወጡት እኔን ያስተማሩኝ ሰውዬ ናቸው። ጀማሪ ምላጭ ሲይዝ ትንፋሹን ውጦ ይቀራል። ጉንጩ ይነፋል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ‹አንተ ፊኛ፣ ተንፍስ!› እያሉ ነው ያሳደጉኝ። እስቲ ምላጩን አንሳና መስታወቱን እይ።»

አንስቶ አየ። እውነትም ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ውኃ ውስጥ የጠለቀ ሰው መስሏል። ኡፍ ብሎ ተነፈሰ። አረፋው ተበተነና ሽማግሌው ጆሮ ላይ አረፈ።

«በምላጭ ትገድለኛለህ ስል በነፋስ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ተነፈሰ፤ ላጨ። ተነፈሰ፤ ላጨ። ማንቁርታቸው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ሊያዝ ቃጣው፤ ነቃና ለቀቀው። ምላጩ ቀስ ብሎ አለፈ።

ባለቤቱ ነጭ ጥጥ አንስቶ የሽማግሌውን ጉሮሮ ከጆሮ እስከ ጆሮ ጠረገ። ጥጡን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው። ነጭ ነው። ጣለውና ወረፋ ወደሚጠብቁት ዞሮ፣ «ቀጣይ! እሱ ጋ!» አለ።

አንድ የማያውቁት ጎልማሳ ተነስቶ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የጀማሪው ጉንጭ እንደገና ይነፋ ጀመር። «ይተንፍሱ» አለው ሳያስበው።

«እኔ ነኝ የምተነፍሰው?» አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ።