ተዋሽ ያጣው የውሰት ክፍል

ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ነው ቀኑን ሙሉ ከባሌ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን ሬዲዮኑ ያለውን ሁሉ ይደግምልኛል፣ እኔም አብሬው እየሰማሁ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በየሕንፃው ሥር የውሰት ክፍል ሲከፍትና ጠባቂ ሲፈልግ፣ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሐሳቡ ሸጋ ነው። በዓመት አንዴ ለምትነካ መሰርሰሪያ፣ ስልሳ ቤት ስልሳ መሰርሰሪያ ምን ያደርግለታል? አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ተውሶ ይመልሳል።

ማምጣቱንማ ተሽቀዳደሙበት! መሰላል መጣ፣ የስፌት መኪና መጣ፣ መሰርሰሪያ ብቻ አራት መጣ። የሚዋስ ግን ጠፋ። ለካስ የኛ ሕንፃ ሰው «ሰጠሁ» ማለት እንጂ «የለኝም» ማለት ሞቱ ነው። አንዷ ጎረቤቴ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር በወንበር ላይ ደርባ ወድቃ ወገቧን ተመታች። ስጠይቃት ደረጃ አዳልጦኝ ነው አለች። ደሜ ፈላ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ የሚዋስ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል። ወደ ሬዲዮኑ ልመለስ? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እቃውን ተሸክሜ በየቤቱ ዞርኩ። ክፍሉ ጠቦኛልና እባካችሁ አስቀምጡልኝ አልኩ። ለአንቺ ብለን ነው እያሉ ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ከወዲያም ከወዲህም የመሰርሰሪያ ጩኸት ይሰማ ጀመር። እኔም መዝገቤ ላይ ሁሉንም «ተዋሰ» ብዬ ጻፍኩ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ባዶ መደርደሪያና ሙሉ መዝገብ አገኘ። እስቲ ከአፋቸው ልስማ ብሎ ነዋሪውን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ጉድ ፈላ! አንዱ አደራ ነው ይላል፣ አንዷ ለእሷ ብዬ ነው ትላለች። የገዛ ባሌ እንኳ ቤታችን ስለገባው መዶሻ የማውቀው ነገር የለም ብሎ አረፈው። ተቆጣጣሪው መዝገቤን ዘጋና፣ በትሕትና፣ ከራስሽ ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው አለኝ። እንባዬ መጣ።

ያኔ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ዲሬክተሯ ከመሀል ብድግ አሉ። የድሮ አለቃዬ ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እርሳስ እንኳ «አምጪ» ብለው እንጂ ለምነው ወስደው አያውቁም።

«የስፌት መኪናውን የተዋስኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የራሴ የለኝም።»

ቀጥሎ ወገቧን የተመታችው ጎረቤቴ፣ መሰላሉ እኔ ዘንድ ነው አለች። ከዚያማ ሁሉም ይናዘዝ ጀመር፤ ተቆጣጣሪው ራሱ መዝገቡን መልሶ ከፈተና ክፍሉ አይዘጋም አለ።

ሰው ሲበተን ዲሬክተሯ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«ልብሱ አላለቀልኝም። አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ፣ እባክሽ።»

ደንቡ ሰባት ቀን ይላል። እኔ ሠላሳ ጻፍኩላቸው።