ሦስት ስንዝር

ሸዋዓለም የስፌት መኪናዋን መርገጥ ያቆመችው፣ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተንበርክካ መንገዱን በስንዝር ስትለካ አይታ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ከጎረቤቷ ከበከር ሱቅ ጀምራ፣ እየቆጠረች፣ ወደ ሸዋዓለም አጥር ትመጣለች። አንድ ወጣት ከኋላዋ በካሜራ ይቀርጻታል።

አጥሩ ጉድ አለበት። ሟች ባሏ ከስምንት ዓመት በፊት ቆርቆሮውን ሦስት ስንዝር ወደ መንገዱ አስወጥቶታል። የስፌት መኪናዋ የቆመችው በዚያች ሦስት ስንዝር ላይ ነው፤ እንጀራዋም እዚያው ነው። ጌጃ ሰፈር ያውቃል፣ ወረዳ አያውቅም።

በቆርቆሮው መስኮት ብቅ አለች። "አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም አልጠፋብኝም እትዬ። ክዋኔ ነው።"

"የምን ክዋኔ?"

"እንዲሁ ጨዋታ ነው። ደላዊት እባላለሁ። እሱ ኣምሃ ነው፣ ይቀርጸኛል።"

ክዋኔ የሚለውን ቃል ሸዋዓለም ከሬዲዮ ታውቀዋለች። ሬዲዮ ላይ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ "የክዋኔ ኦዲት" ነው፣ ከኋላው "ጉድለት ተገኘ" ይከተላል። ደግሞስ ይህን የምታክል ሴት በጠራራ ፀሐይ አቧራ ላይ ተንበርክካ ትጫወታለች? ቢሮ ልኳት ነው እንጂ።

"አሥራ አራት" አለች ደላዊት፣ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ። ካሜራው ወደ መስኮቱ ሲዞር ሸዋዓለም የምትሰፋውን ሱሪ አንስታ ፊቷን ከለለች።

እንደሄዱ በከርን ጠራችው። "መዶሻህን ይዘህ ና። አጥሬን ላስገባ ነው።"

"ሸዋዬ፣ አርቲስቶች ናቸው ባክሽ። ትናንት ተክለ ሃይማኖት ጋ የመብራት ምሰሶ አቅፈው ሲቀረጹ ነበር።"

"ምሰሶ የሚያቅፍ ሰው ወገቡን ሊለካ ነው።"

"ሱሪ ሊያሰፉለት ነዋ። ወዳንቺ ይዘውት ይመጣሉ።"

"ሳቅ አንተ። ነገ ያንተን ሱቅ ነው የሚያቅፉት።"

በከር ሳቁን ትቶ መዶሻውን አመጣ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው ወደ ዱሮ ቦታው ተመለሰ። መኪናዋ ከአልጋዋ ጋር ተጣበቀች፤ በረገጠች ቁጥር ጉልበቷ የአልጋውን ጠርዝ ይመታል።

በማግስቱ ጠዋት ደላዊት ተመልሳ ስትለካ፣ አሥራ አራተኛው ስንዝር ላይ እጇ አየር ነካ። "አሥራ ሰባት" አለች እየሳቀች። "ኣምሃ፣ መንገዱ አድሮ ሰፍቷል።"

"እዚህ የሚሰፋ ልብስ ብቻ ነው" አለች ሸዋዓለም ከደጃፏ።

"እንዳለ ይግባ?" አለ ኣምሃ።

"ይግባ።"

"የት ነው የሚገባው?" አለች ሸዋዓለም።

"ቪዲዮው ውስጥ እትዬ። መንገዱ ስንት ስንዝር እንደሆነ ለሰው እናሳያለን።"

"ለየትኛው ሰው?"

"ለመጣ ሁሉ።"

ለመጣ ሁሉ ከሆነ ከወረዳም ይመጣል። አሥራ ሰባት ተብሎ ከገባ ያ ሦስት ስንዝር የመንገድ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ያውም በገዛ እጇ። ማዶ ሱቁ ደጃፍ የቆመውን በከርን በአገጯ ጠቀሰችው፤ መኪናዋን ተሸክመው ከአጥሩ ውጭ፣ ትናንት በነበረችበት ቦታ ላይ አቆሟት። ሸዋዓለም ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጥታ ተቀመጠችና መርገጥ ጀመረች።

"አሁን ለኪ።"

"እትዬ፣ መንገድ ላይ እኮ ነው ያወጡት።"

"ጨዋታ ነው ብለሽኝ የለም? እኔም እየተጫወትኩ ነው።"

ደላዊት እንደገና ተንበረከከች። የመጨረሻው ስንዝር ከመኪናዋ እግር ላይ አረፈ። "አሥራ አራት።"

"ትናንትስ?"

"አሥራ አራት።"

"እንግዲያው አሥራ ሰባቱን አጥፉት።"

ኣምሃ አንድ ሁለት ቦታ ነካካና "ጠፍቷል" አላት። አላመነችውም። መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር እንዲያሳያት አደረገች፤ አሥራ ሰባትን ፈልጋ አጣችው። ያም ሆኖ ከጥጉ እስኪታጠፉ ድረስ ዓይኗን ከላያቸው አላነሳችም።

"በከር" አለች፣ ሱሪውን መልሳ መርፌው ሥር እያስገባች። "መዶሻህን እንዳታርቀው።"