ሁለት መቶ ሜትር የሚችለው ሰዓት

ለሜዳ ሥራ የሚሆን ሰዓት ስመርጥ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ሜዳ ወጥቼ ስለማላውቅ ነው። ሜዳ የለመዱት ስልካቸውን አይተው ይሠራሉ። እኔ ግን የቅየሳ መሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ አሮጌ ካርታ እያጠፍኩ እርጅናዬን የምጠብቅ ባለዲግሪ ነኝ። በመስኮቴ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ቁርጭምጭሚት ነው። አለቆቼን የማውቃቸው በጫማቸው ነው።

አንድ ቀን አንድ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ደረጃውን ወርዶ መጣ። የሜዳ ቡድኑ መሪ ናቸው፤ «ሻለቃ» እንላቸዋለን። ሴትዮዋ ወታደር ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ድምፃቸው ነው።

«ዘንግ ያዥ ሊለቅብኝ ነው» አሉኝ። «የዛሬ ወር አንድ ቀን እሞክርሃለሁ። ከሆንክልኝ ሜዳ ትቀራለህ፤ ካልሆንክ ወደ ካርታህ።»

ከዚያ ጉድጓድ የሚያወጣኝ ሌላ ገመድ እንደማይወረወርልኝ ገብቶኛል። ልብ ያለው ሰው ቢሆን ዘንግ እንዴት እንደሚያዝ ይጠይቅ ነበር። እኔ ስለ ሰዓት ማጥናት ጀመርኩ።

ማታ ማታ ጢማቸውን ያስረዘሙ ሰዎች ስለ ሰዓት የሚያወሩበትን ቪዲዮ ሳይ አነጋለሁ። ባትሪ ነውር ሆነብኝ። ባትሪ በብርድ ይሞታል፤ ወንድ ልጅ የሚያምነው በሞላ የሚሠራ ሰዓት ብቻ ነው። የምሄድበት አገር ብርድ መሆን አለመሆኑን ግን አልጠየቅኩም። በመጨረሻ ታላቅ እህቴን አስከትዬ ሱቅ ሄድኩ።

«ስንት ሜትር ውኃ ይችላል?» አልኩት ሻጩን፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ።

«ሁለት መቶ።»

«አንተ ዋና ትችላለህ እንዴ?» አለች እህቴ።

«ጉዳዩ እሱ አይደለም፣ እትዬ።»

«አይ፣ ጥሩ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ስትሰምጥ ስንት ሰዓት ላይ እንደሞትክ እናውቃለን።»

ሻጩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ጥያቄዬን ቀጠልኩ። «ከገደል ቢወድቅስ?»

«ምንም አይሆንም።»

«ሰዓቱ ነው ወይስ እሱ?» አለች።

ገዛሁት። ክንድ ሲወዛወዝ ራሱን የሚሞላ፣ ወፍራም፣ የሙቀጫ ያህል የሚከብድ ሰዓት ነው። በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ እንዳለ ቆመ። ተናድጄ ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ጌታዬ» አለኝ በትሕትና፣ «ለባሹ ይንቀሳቀሳል?»

ከዚያ ወዲህ በካርታ መደርደሪያዎቹ መካከል ክንዴን እያወናጨፍኩ መመላለስ ጀመርኩ። ማታ ደግሞ ሳህን የማጠብ ተራዬ ሲደርስ ሰዓቱን አውልቄ በንጹሕ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ።

«ባሕር የሚችል ሰዓት ሳህን ፈራ?» አለች እህቴ።

«ሳሙናው ነው» አልኳት፣ ከምሬ።

ቀኑ ደረሰ። ዘንግ ያዥ ማለት ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ መሬት ላይ አቁሞ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ነው። ሻለቃ ከሩቅ በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር ቁጥሩን ያነባሉ፤ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የሚታወቀው በዚያ ነው። ዘንጉ ላይ ውኃ ልክ አለ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ካልቆመች ዘንጉ ዘሟል። «በሁለት እጅህ» ብለው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።

የምንለካው የውኃ ቦይ ሊቆፈርበት የታሰበ ረግረግ ነበር። ጭቃ፣ እሾህ፣ ሹል ድንጋይ፤ ለሰዓቴ ከዚህ የተሻለ ገነት የለም። እኔም ግራ እጄን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ገባሁበት። ዘንጉን በቀኝ እጄ ብቻ አንቄ ስቆም፣ ከሩቅ ለሚያየኝ ጥያቄ ያለው ተማሪ እመስላለሁ።

«አንተ፣ ምን ፈልገህ ነው እጅ የምታወጣው?» አለ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው መገናኛ ሬዲዮ፣ በሻለቃ ድምፅ።

«ሚዛን ለመጠበቅ ነው።»

«አረፋዋስ?»

«መሃል ናት» አልኩ። ያው፣ መሃል አካባቢ ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ ዞረን ወደተነሳንበት ድንጋይ ተመለስን። ሻለቃ ደመሩ፣ ቀነሱ፣ እንደገና ደመሩ። ጠዋት የለካነው ያው ድንጋይ፣ በእኔ ቁጥር፣ በግማሽ ቀን አራት ጣት ሰምጧል።

«በአንተ ቁጥር ብንቆፍር ውኃው ሽቅብ ይወጣል» አሉ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ያ እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

«ሰዓቱ እንዳይጫር ብዬ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰዓት ነው?»

«የሜዳ። ጭቃ ይችላል። ምት ይችላል። ከገደል…»

«ሁሉን ከቻለ አንተ ምኑን ነው የምትጠብቅለት?» መዝገባቸው ላይ አዲስ ገጽ ገለጡ። «መስመሩን እንደገና እንሄደዋለን። ሁለት እጅ ካለህ ና። አንድ ብቻ ካለህ፣ ካርታ ለማጠፍ ይበቃል።»

አውልቄ ኪሴ ልክተተው አልኩ፤ ኪሴ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ቁልፍ ይጭራል። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ዚፕ አለ። እዚያ ቆሜ የዚፕ ጥርስ ስመረምር ሻለቃ መነጽራቸውን ተሸክመው መንገድ ጀምረዋል። ሰዓቱ እጄ ላይ እንዳለ፣ ልቤ ሳይወስን እግሬ ተከተላቸው።

በሁለት እጄ ያዝኩ። የመጀመሪያው እሾህ የሰዓቱ ማሰሪያ ላይ ሲሄድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ረግረጉ መሃል ላይ እግሬ ከዳኝና በጉልበቴ ወረድኩ፤ ሰዓቴ ከሹል ድንጋይ ጋር ተፋተገ፤ «ቂው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘንጉን ግን አልለቀቅኩም፤ በሁለት እጅ የያዘ ሰው የት ይጥለዋል?

«አረፋዋ?»

አየኋት። «መሃል ናት» አልኩ፤ ነበረችም።

«ቀጥል።»

ወደ ድንጋዩ ስንመለስ ደመሩ፣ ቀነሱ፣ መዝገባቸውን ዘጉ። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ።

እጄን ባነሳው የሰዓቴ መስተዋት ላይ ጭቃ ተጋግሮ ቁጥሩ አይታይም። «አላውቅም» አልኩ።

ስልካቸውን አወጡ። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት መኪናው ጋ ሁን። ከነገ ወዲያም። ካርታውን ለሌላ ሰው አስረክብ።»

አመሰገንኩ። ጭቃውን ግን አልጠረግኩትም። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግራ እጄን መያዣው ላይ ሰቅዬ፣ ጭቃው ለተሳፋሪው እንዲታይ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እስከ ቤቴ ቆሜ ሄድኩ።