የቦራ ሰኮና

ነጋ ከዳባት ገጠር ወጥቶ ጎንደር ቁስቋም ሲከትም አንድ ነገር ለራሱ ምሎ ነበር፤ የእሱ ላም እንደ አባቱ ላሞች ጭቃና አቀበት አታይም። ግንባሯ ነጭ የሆነችውን ቦራን ወለሉ ሊሾ በሆነ በረት አስገባት፤ ፉርሽካዋን ከፊቷ አቀረበላት፤ ወለሉንም ጠዋትና ማታ በውኃ ያጥባል። ቦራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበረት አልወጣችም። ሰኮናዋ እየረዘመ ወደ ላይ ሲቀለበስ ነጋ ደስ አለው። ሥራ የማትነካ እመቤት ጥፍሯ ይረዝማል እንጂ ምን ይሆናል? እንግዳ በመጣ ቁጥር ከወተቱ በፊት ሰኮናውን ያሳያል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ቦራ በኋላ ቀኝ እግሯ መርገጥ ፈራች።

ሌላ ሰው ቢሆን እግሯን ያይ ነበር። ነጋ ያየው አጥሩን ነው። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ወለተሩፋኤል በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ «አያ ነጋ፣ ይቺስ ሸጋ ላም ናት!» ብላ ነበር፤ «ከዓይን ያውጣት» ሳትል። ነገሩ ወዲያው ተገለጠለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳት። በዕድሩ ስብሰባም ተነሥቶ፣ «ዓይነኛ ባለበት ሰፈር ከብት አይረባም» አለ። ስም አልጠራም። ሲናገር ግን እሷን ያይ ስለነበር ሌላውም ሰው እሷን አየ። ወለተሩፋኤል ነጠላዋን አስተካክላ ወጥታ ሄደች።

እሱም ላሟን ከዓይን ለመከለል የበረቱን መስኮት በጆንያ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ ሊሾው ደርቆ አያውቅም። የቦራ ወተት በግማሽ ቀነሰ፤ ቆሞ መብላትም ከበዳት።

«ምነው ሐኪም ብትጠራ?» አለችው ሚስቱ የትነበርሽ።

«ዓይን በመርፌ ይወጣል?»

«እንጃ። ወድቃ ከቀረች ግን የምንጠራው ባለሥጋ ቤቱን ነው።»

ቦራ እናቷ የሞተችባት ገና በጥጃነቷ ነው፤ ወተት በጣቱ እያስጠባ ያሳደጋት እሱ ራሱ ነው። በማግሥቱ ሐኪም ጠራ።

ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ትባላለች፤ ቦቲ ጫማ ያጠለቀች ወጣት ናት። ነጋ ስለ ዓይኑ ዘርዝሮ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ የቦራን እግር በገመድ ወደ ምሰሶው አንሥታ አሰረችና ጉጠት አወጣች።

«ቆይ ልጄ! በአባቴ ቤት ሰኮና የሚቆረጠው ከብቱ ከታረደ በኋላ ነው።»

«የአባትዎን ላሞች ድንጋዩ ይሞርድላቸው ነበር፣ አያ ነጋ።»

ቆረጠችው። ሥሩን በጠማማ ቢላ ፋቅ ስታደርገው ጥቁር መግል ወጣ። ሽታው የትነበርሽን ከበረት አስወጣት።

«ወለሉን የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ» አለ ነጋ፣ አሁንም ትንሽ ኮራ ብሎ። «በቀን ሁለቴ።»

«ሳይደርቅ ትቆምበታለች። ርጥበቱ ሰኮናዋን አላሽቆታል፤ ርዝመቱ ደግሞ ክብደቷን ተረከዟ ላይ ጥሎታል። በየስድስት ወሩ ይከርከም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ቀን ቀን ደረቅ መሬት ላይ ትዋል። ካልሆነ እግሯ ተመልሶ ይመግላል፤ ያን ጊዜ እኔም አላድናት።»

ነጋ አፈረ። ላሙን ያሳመመውን ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፈልግ የከረመው ባልዲ በእጁ ይዞ ነው።

ደረቅ መሬት ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። ከፊት ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ነው፤ ከኋላ የሚሠራ ፎቅ አለ። ላም የሚያውል ደረቅ ጓሮ በአካባቢው አንድ ብቻ ነበር። የትነበርሽ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከተችና የላሟን ገመድ አስያዘችው።

ከወለተሩፋኤል ደጅ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በድያለሁ። ላሟን ያሳመምኳት እኔው ነኝ። ስምሽን በሰው ፊት አጥፍቻለሁ። ስለ እመቤቴ ብለሽ ማሪኝ።»

ወለተሩፋኤል ጎንበስ ብላ የቦራን በጨርቅ የተጠቀለለ እግር አየች።

«ወይ እናቴ፣ አሞሻል» አለቻት፣ ላሟን። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ቦራ እያነከሰች ገባች። ነጋም ሊከተላት ሲል በሩ ተመለሰበት።

«እሷ ትዋል። አንተ ይህንኑ በዕድሩ ፊት እስክትናገር ደጄን እንዳትረግጥ።»

ዕድሩ የሚሰበሰበው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። ነጋ ጠዋት ላሙን እያደረሰ፣ ማታ እየተቀበለ፣ አሥራ ሁለቱንም ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆመ።