ጀፎረ ላይ የተተከለ በር

ወንድሜ ካሳሁን አዲስ አበባ ተሸልሞ በቴሌቪዥን የታየ ጊዜ፣ ወልቂጤ ሱቄ ድረስ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያላለኝ ሰው የለም። አሜን፣ አሜን ስል ዋልኩ። እውነቱን ልናገር? ያን ቀን ደስታዬ ግማሽ ነበር። ቀሪው በኋላ በእግሩ መጣ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሐረገወይን እባላለሁ፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ካሳሁን ታናሼ ነው፤ ቤት ሠርቶ ይሸጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ያደግንበት መንደር አጠገብ ቦታ ሲሰጠው ጀፎረው በመሀሉ ያልፍ ነበር። ጀፎረ እኛ አገር በቤቶች ፊት ለፊት የሚዘረጋው ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ሬሳ ይሸኝበታል። የማንም አይደለም። ስንዝር ገፍቶ ያጠረ ሰው ሽማግሌ ይፈርድበታል፤ አጥሩም ይነቀላል።

አባታችን ገሠሠ ገፍቶ ነበር። ያኔ ልጆች ነን። እንሰት እየተከለ፣ እየተከለ ጀፎረው ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎች ፈረዱና እንሰቱ ከነሥሩ ተነቀለ፤ የነቀሉት ጋሽ ሰይዶ ናቸው፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ። አባባ ይቅርታ ጠየቀ፣ ታረቀ፤ ስሙ ግን አልታረቀም። «ጀፎረ ቆራሹ» እንደተባለ ሞተ። እኛም የቆራሹ ልጆች ሆነን ቀረን። ለቅሶ ቤት ስንገባ እንኳ ወሬው ዝም ይል ነበር።

ስለዚህ ካሳሁን ቤቶቹን ሲሠራ ጀፎረውን አልነካም። እንዲያውም ሣሩን ተንከባከበ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከለ፣ ለመንደሩ ቧንቧ አስገባ፣ ለከብቱ መጠጫ ገንዳ ሠራ። «ከዚህ ምን ታተርፋለህ?» ሲሉት ይስቃል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ልጁን ያማረው ስም ነው። የአባታችንን ስም ማጠብ።

አዲስ አበባ ያለው የቤት አልሚዎች ማኅበር ወሬውን ሰምቶ ለሽልማት አጨው፤ ዳኞች ቅዳሜ እንደሚመጡም ተደወለ። ካሳሁን ቅጥ አምባሩ ጠፋው! ናትናኤል የሚባለው አርክቴክቱ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ «ጋሼ፣ እንግዶቹ እበት ረግጠው እንዳይሄዱ ለአንድ ቀን ከብቱን እናስቁም» አለው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር በሽቦ ዘግተው፣ መሀሉ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር ተከሉ። ጫፉን ደግሞ ወርቅማ ቀለም ቀብተውታል።

«ጀፎረ ላይ በር? አበስኩ ገበርኩ! ካሱ፣ ጤና የለህም?» አልኩት።

«ለአንድ ቀን ነው እትዬ። እንደሄዱ ይነሳል።»

«አባባም እንሰቱ እስኪደርስ ነው ብሎ ነበር።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ፤ በሩም እዚያው አደረ።

ቅዳሜ ዳኞቹ መጡ። አለቃቸው ወይዘሮ ትርሲት የሚባሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ካሳሁን በአዲሱ ሱፉ ከፊት ሆኖ ያስጎበኛል፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ከላይ በኩል ለቅሶ ሰማን። ለካ የላይኛው መንደር እማማ ውድነሽ አርፈው ኖሯል። ሬሳው በጀፎረው ቁልቁል መጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አገር ምድሩ ተከትሎታል። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። በሩ ተቆልፏል።

ዘበኛውስ? ዘበኛው የዕድር አባል አይደል! ከብት እንዳይገባ ብሎ ቆልፎ፣ ቀድሜ ተመልሼ እከፍታለሁ ብሎ ለቅሶ ሄዷል። ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ከቀባሪው መሀል ብቅ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሊከፍት ሲል ጋሽ ሰይዶ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«ተው ልጄ። ከፍተህ ካሳለፍከንማ ተፈቅዶልን አለፍን ማለት ነው። ጀፎረ ላይ ማንም ለማንም አይፈቅድም።» ከዚያ ወንድሜን ፈልገው አዩት። «የገሠሠ ልጅ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት ነገር፣ በገዛ በሩ፣ በመንደሩም በሸላሚዎቹም ፊት ገደል ሊገባ ነው! ካሳሁን አመድ መሰለ። አንዴ ዳኞቹን አየ፣ አንዴ ሬሳውን። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወረወረልኝና የበሩን ምሰሶ አቀፈ።

ሲሚንቶው ከእኔው ሱቅ ገና በዋዜማው የሄደ ነው፤ ገና አልጠነከረም። ይነቀንቃል፣ ይጎትታል፣ ሸሚዙ ተቀደደ። ናትናኤል አፍሮ መጣና ያዘለት፤ ዘበኛውም ገባ። በሩ ከነምሰሶው ዘጭ አለ። ካሳሁን ሽቦውን በባዶ እጁ ጠቅልሎ ዳር ጣለና ወደኔ ዞሮ «እንግዶቹን አደራ እትዬ» አለኝ። አንዱን ተሸካሚ ተክቶ ሬሳውን ተሸከመ። ሸላሚዎቹን ገትሮ ሄደ!

እኔ ደግሞ ከተናደድኩ አፌ አይያዝም። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ሽልማቱን ከነሱት ይንሱት፤ ግን ሰምተው ይንሱት» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እንሰቱን ሳይቀር፣ አባባን ሳይቀር። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከብቶቹ በተከፈተው በኩል መግባት ጀምረዋል። ወይዘሮዋ ነጠላዬን ተውሰው ተከናነቡና እበቱን እየዘለሉ ቀብሩን ተከተሉ።

ሽልማቱን ሰጡት። መድረኩ ላይ ስለ ቧንቧውም ስለ ቤቶቹም ተናገሩ፤ ስለ በሩ ግን አንድም ቃል አላነሱም። በዚህ ወደድኳቸው።

የመስታወት ዋንጫውን ሱቄ ውስጥ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ መሀል አስቀመጥኩት። በገበያ ቀን ጋሽ ሰይዶ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ከአባባ ለቅሶ ወዲህ ደጃፋችንን ረግጠው አያውቁም። ሚስማር ሊገዙ መስሎኝ ነበር። ዋንጫውን አንስተው አገላበጡት።

«ያምራል። ይጠጡበታል?»

«አይ ጋሼ፣ ለማየት ብቻ ነው።»

«እህ» ብለው ቦታው መለሱት። «እምድብር አካባቢ አንድ ሰው አጥሩን ገፍቶ ጀፎረ ገብቷል። ኢንሻአላህ ሐሙስ ሄደን እንፈርዳለን። አንድ ሽማግሌ ጎድሎናል። ወንድምሽ ይምጣና ከእኛ ጋር ይቀመጥ።»

«የገሠሠ ልጅ?» አልኩ።

«አዎ፣ የገሠሠ ልጅ። አጥሩን በገዛ እጁ የነቀለ ሰው፣ የሌላውን ሲያስነቅል አያዋርደውም። እኛ አባታችሁን አዋርደነዋል፤ ያን ጊዜ እንደ ወንድምሽ ያለ ሰው መሀላችን አልነበረም።»

እሳቸው እንደወጡ ከሲሚንቶው ክምር ኋላ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል? ከዚያ ደወልኩለት። ነገርኩት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ምን ለብሼ ልሂድ?»

«ለአዲስ አበባው ማንንም ሳትጠይቅ ሱፍ ያሰፋህ ሰውዬ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም።

«የአባባ ጋቢ አለ?»

«አለ» አልኩት። «ዛሬውኑ አጥበዋለሁ።»