የእናቴ ምንጣፍ

እናቴ ዕድሜዋን ኮልድወል ሆል የሚባለውን የድሮ ባላባት ቤት ወለል ስትወለውል ኖራ፣ በፊት በር አንድም ቀን ገብታ አታውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ወደዚያው እሄድ ነበር። ሕጓ አንድ ነበር፦ ሳህን ይዛ ስታልፍ "እማ" ብዬ እንዳልጠራት። በሥራ ሰዓት ዘመድ የለም ትለኛለች።

በዚያ ዓርብ ግን በፊት በር አስገባኋት። ሻንጣዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ጋ ስንደርስ እግሯ በልማድ ወደ ጓሮ ሊታጠፍ ሲል ክንዷን ያዝኳት።

"ብሮኒ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው እኮ።"

"ይሁን። ዛሬ የሚወለውለው ሌላ ሰው ነው።"

"ማን?" አለችኝ ተጨንቃ።

ዮጋ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍትና በስልኬ ባየኋቸው ቪዲዮዎች፣ አልጋና ቁም ሳጥን መሃል ባለች ክፍተት ብቻዬን ተማርኩ። ይህንንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቀና ብዬ እናገራለሁ። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ፔልሃም ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር፣ ለማሳደሻው ገንዘብ ብላ የቅድመ አያቶቿን ቤት ቅዳሜና እሁድን በዮጋ ማሳለፍ ለሚፈልጉ እንግዶች ከፈተችው። አስተማሪያቸው እኔ ሆንኩ። ለዚህ ዙር ግን ደመወዝ አልፈልግም አልኳት፤ የጠየቅኳት እናቴ እንግዳ እንድትሆን ብቻ ነው። ትተኛ፣ ይቅረብላት፣ በክብር ትጠራ።

"እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው!" አለች። እሷ ሁሉንም ነገር ደስ የሚል ሐሳብ ነው ትላለች፤ የሚገባት ግን ጥቂቱ ነው።

ማታ እንግዶቹ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፊታቸው የተኮሳተረ የቅድመ አያቶች ሥዕሎች ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡና ራሳቸውን አስተዋወቁ።

"ኢሞጅን እባላለሁ" አለች ከለንደን የመጣች ጠበቃ። "የመጣሁት ራሴን ፍለጋ ነው።"

"ሞሪን ትራንተር" አለች እናቴ። "የመጣሁት ልጄ አምጥታኝ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ሚስስ ፔልሃም ከበሩ ላይ፣ "ሞሪን እኮ ቤቱን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች!" አለች።

"ሚስስ ትራንተር" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ሚስስ ትራንተር ነው የምትባለው። እንግዳዎ ናት።"

"እንዴታ! እንዴታ!" አለች ፈገግታዋ ሳይነቃነቅ። እናቴ ጉልበቷን አቀፈች።

ጠዋት አልጋዋን አነጠፈች። የኢሞጅንንም ጭምር።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"አንሶላው ተንጠልጥሎ ሳየው አላስችል አለኝ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"አመሰገነችኝ። ፎጣም እንዳመጣላት ጠየቀችኝ።"

ንዴቴን ዋጥኩት። ከሰዓት በኋላ በቤቱ የዳንስ አዳራሽ ትምህርቱን ጨረስንና፣ እንደ ደንቡ ሁሉም በጀርባቸው ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ ሰዓት ማንም ማንንም አይነካም። እናቴም ተጋደመች። የግንባሯ መስመር ሲላላ በዓይኔ አየሁ፤ አፏም ትንሽ ተከፈተ። ከዚህ ቤት የምፈልገው ይቺኑ ብቻ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሚስስ ፔልሃም በካልሲዋ፣ የተኙትን እንደ አራስ ልጅ እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቀች፣ በአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል እየዞረች መጣች። ቀጥ ብላ እናቴ ጋ። ጎንበስ አለችና ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ በጆሮዋ አንሾካሾከች።

"ምንም የምትሠሩት ነገር የለም" እያልኩ ነበር እኔ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፄ። "የትም መሄድ የለባችሁም።"

እናቴ ተነሥታ የዮጋ ምንጣፏን ጠቀለለች።

ኩሽና ስገባ በዮጋ ሱሪዋ ላይ ሽርጥ አስራ ድንች ትልጣለች። ሚስስ ፔልሃም አጠገቧ ቆማለች።

"አውልቂው" አልኳት እናቴን።

"ምግብ አብሳዩን ወገቡን ይዞት ቀረ። ሰው ጦሙን ይደር?"

"ከዚያ ሁሉ ከተኛ ሰው አንቺን ብቻ? ኢሞጅንን ለምን አልቀሰቀሷትም?"

"ኢሞጅን ሾርባ ትችላለች እንዴ?" ብላ እናቴ ሳቀች።

"ብሮኒ፣ እናትሽ መልአክ ናት" አለች ሚስስ ፔልሃም። "ቅር ካላለሽ ብዬ ነው የጠየቅኳት። ቅር አላላትም።"

"ቅር ብሎኛል ማለት ትችል ነበር?"

"ብሮኒ!" እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉላት። ደክሟት ነው።"

ሴትዮዋ ስትወጣ፣ "ተኝተሽ ነበር እኮ" አልኳት እናቴን። "ፊትሽ ዐርፎ ነበር። አይቼሻለሁ።"

"ዓይኔን ነው የጨፈንኩት። ክፈቱ እስክትይ እየጠበቅኩ።" ድንቹን አነሣች። "እዚያ አንቺ ለሰው የምታሳዪኝ ዕቃ ነኝ፣ ብሮኒ። እዚህ ሞሪን ነኝ። አሁን ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ።"

በእራት ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ፊት "ሚስስ ትራንተር" የሚል ካርድ ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጬ ነበር። ኢሞጅን ወንበሩ ላይ የእጅ ቦርሳዋን ጣለችበት።

እናቴ የሾርባውን ድስት ይዛ ገባች። በየሰው ግራ በኩል እየቆመች ቀዳች። ቀና ብሎ ያያት የለም።

"ይቺ ሴትዮ ዕንቁ ናት" አለችኝ ኢሞጅን፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሣ። "ከየት ነው ያገኟት?"

እናቴ እኔ ጋ ደረሰች። ዓይኗ ጭልፋው ላይ ነው።

"ሾርባ ላድርግልዎት?"

ለእኔ ነው ያለችው። ለእኔ፣ ለልጇ። ጠረጴዛውን ገልብጬ እጇን ይዤ በፊት በር ልወጣ አሰብኩ። ቀዳችልኝ። ቀመስኩት። እንደ ልጅነቴ ሾርባ ነው፤ ምንም አልጎደለውም፣ ጨውም ቢሆን።

"ጨው ያንሰዋል" አልኩ።

"ይቅርታ" አለች እናቴ። "አሁን አመጣለሁ።"

ሄደች፤ እኔም ጨው እስክታመጣልኝ ተቀምጬ ጠበቅኳት።